"እቁብ አለብኝ" በሉ፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ካምፓስ ብር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ገንዘብ አያያዝ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ቆጥቡ፣ አታባክኑ፣ በጀት አውጡ የሚለውን ከቤታችሁ ሰምታችሁ ጨርሳችኋል። እናቱ ጤፍ ሸምታ ስትመለስ "ደግሞ ጨመረ" ስትል እየሰማ ያደገ ልጅ ቁጠባን ከኔ አይማርም። ስለዚህ ምክሩን ትቼ በስራዬ የማየውን ልንገራችሁ። የምሰራው ካምፓስ አጠገብ ባለ ባንክ ቅርንጫፍ ነው። ተማሪ መቼ ብር እንደሚገባለት፣ መቼ እንደሚያወጣ፣ መቼ ደግሞ ካርዱን አስገብቶ ቀሪ ሂሳቡን ብቻ አይቶ እንደሚሄድ አያለሁ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። 1,000 ብር የተላከለትም 5,000 የተላከለትም ቺስታ የሚሆኑት ተቀራራቢ ቀን ላይ ነው። ብሩ ያንሳል፣ እሱን አልክድም። ግን ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ 5,000 የተላከለት እስከ ወር ጫፍ በደረሰ ነበር። አይደርስም። በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ የለም። ደብተር አልተገዛበትም፣ ሀንድአውት ኮፒ አልተደረገበትም። ይሉኝታ በልቶታል።

ነገሩን ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። አርብ ከሰዓት ነው። አንድ ልጅ ኤቲኤሙ ጋ ቆሟል። ሦስት የዶርም ልጆች አብረውት መጥተው ጥላ ስር ይጠብቁታል። "ገባልህ?" ይሉታል። ፊቱ ላይ ያስታውቃል፣ ገብቶለታል። ከዚያ ወደ ጊቢ በቀጥታ መመለስ የለም። ጁስ ቤት ይገባል። አራት ጁስ ይታዘዛል፣ አንዱ "የሚበላ ነገር የለም?" ይላል። ሂሳብ ሲመጣ አራቱም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ይዞ የሚወጣው ግን አንድ እጅ ነው። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ባለፈው ወር የአንዳቸው ብር ሲገባ እሱም ጥላ ስር ቆሞ ነበር።

በኛ አገር አብሮ በልቶ ለየብቻ መክፈል አሁንም ያሳፍራል። "የራስህን ክፈል" የሚል ሰው ስሙ ይጠፋል። እኔ ይሄን ባህል ጣሉት አልላችሁም፣ ብላችሁም አትሰሙኝም። ደግሞም የዶርም ጓደኛችሁ ወላጅ ሞቶበት መዋጮ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ ስለሱ ክርክር የለም። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም፣ 50 ብርም ቢሆን ይሰጣል። የማወራው ስለ ልደት መዋጮ፣ ስለ "ዛሬ በኔ ነው"፣ ስለ እሁድ ከሰዓት "እንውጣ እንጂ" ነው። እምቢ ማለት ትፈልጋላችሁ፣ አፋችሁ ግን አይታዘዝም።

እዚህ ላይ አባቶቻችን መላ አበጅተዋል። እቁብ።

"ብር እየቆጠብኩ ነው" ብላችሁ ግብዣ እምቢ በሉ እስቲ። ንፉግ ናችሁ። "እቁብ አለብኝ" በሉ። ማንም አይከራከራችሁም። እቁብ የሰው ብር ነው፣ ካልጣልክ የሌላ ሰው እጣ ይጎድላል። ከገጠር የመጣውም ከተማ ያደገውም ይሄን ያውቃል። እኔ ካምፓስ ውስጥ እቁብን የምወደው ስለዚህ ነው። ብር ማጠራቀሙን ባንክም ያደርገዋል፤ ባንክ ግን ሰበብ አይሆንም።

ግን እቁቡን በዘዴ አቋቁሙት። አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት አካባቢ ነው። በየሳምንቱ የሚጣል ከሆነ አባላቱ ከ12 አይብለጡ። 20 ሰው ከሰበሰባችሁ የመጨረሻዎቹ እጣቸው ሳይደርስ ፈተና ይመጣል፣ ከዚያ እረፍት ነው፣ ከእረፍት ያልተመለሰን ልጅ ደግሞ የት ታገኙታላችሁ? ስምንት ልጆች በሳምንት 100 ብር ቢጥሉ እጣው 800 ብር ነው፣ በሁለት ወር ያልቃል፣ ሁለተኛ ዙር ይጀመራል። መጠኑን አቅሙ በሚያንሰው ልጅ ልክ አድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ባለእጣዎች ዋስ ይኑር። ትልልቆቹ እቁቦች ዋስ የሚጠይቁት አለምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ካሰባችሁት ያለወለድ ተበዳሪ ነው። መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ያለወለድ አበዳሪ ነው፣ በዚያ ላይ ዋጋ እየጨመረ ብሩ ይቀንስበታል። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚገዛ ወይም ቤት ሰው የታመመበት ልጅ ካለ እጣ ሳይወጣ ቀድሞ ይሰጠው። በእቁብ ደንብ ያለ ነገር ነው፣ ዳኛው ያስተካክለዋል።

አሁን ወደ ሆድ እንሂድ። ካፌ ወይስ ኖን ካፌ? ማለትም ጊቢው የሚያበስለውን መብላት ነው ወይስ የምግቡን ብር ተቀብሎ ራስን መመገብ? እዚህ ጊቢ የምትወስኑት የመጀመሪያው ትልቅ የገንዘብ ጉዳይ ይሄ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ግን የምትወስኑት በጓደኛ ነው። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ሆነ፣ በ2017 የትምህርት ዘመን ደግሞ 100 ብር ገባ። አከፋፈሉ በየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፣ ግን በ100 ብር ሂሳብ ኖን ካፌ የሚሆን ልጅ በወር 3,000 ብር አካባቢ እጁ ይገባል ማለት ነው። በአንዴ ሲታይ ብዙ ነው። ከቤት ሲወጣ እንዲህ ያለ ብር ይዞ የማያውቅ ልጅ አለ።

እስቲ እናስላው። ቁርስ በ40፣ ምሳ በ80፣ እራት በ80 እንበል። ዋጋው በየከተማው ይለያያል፣ ከዚህ የሚወደድበት ብዙ ነው። 200 ብር በቀን። በወር 6,000። ሻይ አልቆጠርኩም፣ ለስላሳ አልቆጠርኩም። ከበጀቱ በላይ የሆነውን 3,000 ማን ይሞላዋል? መልሱ "ቤተሰብ" ከሆነ ቤተሰብ ይሄን እንደሚያውቅ እርግጠኛ ሁኑ። መልሱ "እንጃ" ከሆነ በወሩ 15 ላይ ትገናኛላችሁ፣ እሱ ካርዱን አስገብቶ ከሚመለሰው ልጅ ጋር።

የካፌው ሽሮ ቀጭን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰልፉም ረጅም ነው። ቢሆንም ለመጀመሪያው ዓመት እኔ የምደግፈው ካፌ መብላትንና የጎደለውን በስንቅ መሙላትን ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽን አትናቁት። በሙቅ ውሃ ትንሽ ራስ አድርጋችሁ እናታችሁ ባዘጋጀችው ድልህ ብታሹት በሌሊት የሚያጠና ሰው እራት ነው። ጨጓራ ያለበት ወይም ሐኪም ምግብ የከለከለው ልጅ ኖን ካፌ ቢሆን ምክንያት አለው። ሦስት አራት ሆነው ውጪ ተከራይተው፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት እያስመጡ ራሳቸው የሚያበስሉም ያዋጣቸዋል። ዶርም ውስጥ ግን ስቶቭ አታስገቡ። በፍተሻ ሲወሰድ የስቶቩ ዋጋም አብሮ ይሄዳል።

ብር በገባ ቀን ምን ይደረግ? አራት ቦታ ክፈሉት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ውሰዱ። ቀሪው ስልካችሁ ላይ በማታገኙት ሂሳብ ይቀመጥ። ሁለተኛ የቁጠባ ደብተር አውጡና ካርድም ሞባይል ባንኪንግም አትጠይቁበት። ለማውጣት እኛ ጋ መጥታችሁ ትሰለፋላችሁ። ሰልፋችን ረጅም ነው እያላችሁ እንደምታሙን እሰማለሁ። ለዚህ ጉዳይ ግን ጥሩ ነው፣ ለአንድ ጁስ ብሎ አርባ ደቂቃ የሚሰለፍ ሰው የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ አለቃዬ ባይሰማ ይመረጣል። ባንክ አስቀምጡ የምላችሁ ሀብታም እንድትሆኑ አይደለም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 7 በመቶ ያንን አይደርስበትም። ተማሪ ባንክ የሚያስቀምጠው ለሦስተኛው ሳምንት ብር እንዲተርፈው ነው። ስለዚህ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ካለ፣ ብሩም ካለ፣ "ሌላ ጊዜ" እያላችሁ አታቆዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ላፕቶፕ ልግዛ ብሎ ለአንድ ዓመት ያጠራቀመ ልጅ ብሩን ይዞ ቀረ። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ ሳይሆን ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሰሩት።

አሁን ወደ ስልካችሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ ብር መላክን አቀለለ፣ እሰየው ነው። በ2014 ደግሞ እንደኪሴ፣ መላና ሳንዱቅ ተጨመሩ። ሳንዱቅ ቁጠባ ነው፣ ተጠቀሙበት። ሌሎቹ ሁለቱ ብድር ናቸው። ዛሬ በየባንኩ መተግበሪያም እንዲህ ያለ ብድር እየበዛ ነው። ዋስ አይጠየቅም፣ ማስያዣ የለም፣ ማታ አልጋ ላይ ተኝቶ መበደር ይቻላል። ብር ሲገባ ግን መጀመሪያ የራሱን ቆርጦ ይወስዳል። እናት 1,500 ልካ ልጁ ጋ 1,100 ይደርሳል። እሷ ደውላ "ደረሰህ?" ስትለው ምን እንደሚላት አስቡት።

ክፍያውም ትንሽ ይመስላል። እንዲያው ለምሳሌ 300 ብር ተበድራችሁ በወሩ 20 ብር ጨምራችሁ መለሳችሁ እንበል። 20 ብር ምን አላት? ግን ከ300 ላይ 20 ማለት 7 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ባንክ በዓመት የሚከፍላችሁን እናንተ በአንድ ወር ከፈላችሁ። የአየር ሰዓት ብድርም ያው ነው፣ ካርድ ስትሞሉ የተበደራችሁት ከነአገልግሎት ክፍያው ይቆረጣል። ድንገተኛ ህመም ወይም የመንገድ ችግር ሲመጣ ተበደሩ፣ ለዚያ ጥሩ ነው። ለቅዳሜ ማታ አይደለም።

ቤቲንግ የሚጫወት ልጅ "በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተበላሁት" ይላል። ሁሌም በአንድ ጨዋታ ነው የሚበላው፣ አሰራሩ ራሱ እንዲያ ነው። ስምንት ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ከታሰሩ ስምንቱም መግባት አለባቸው። እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ እድል ቢኖረው እንኳ ስምንቱም የሚገቡት ከ256 አንዴ ነው። ማትስ ተማሪዎች ካላችሁ አስሉላቸው። ሱፍ ለብሶ መጥቶ "የስራ እድል አለ፣ ግን መጀመሪያ ከፍለህ ሁለት ሰው ታመጣለህ" ለሚላችሁ ሲኒየር ደግሞ ሰላምታ ብቻ ይበቃል።

አንድ ወረቀት ትፈርማላችሁ፣ ወይ ፈርማችኋል። የወጪ መጋራት ውል። ማንም አያነበውም፣ ሰልፉ ይገፋል፣ ይፈረማል። በ1995 በወጣው ደንብ መሰረት ተማሪው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይሸፍናል። ሲቀጠር ከደሞዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ካፌ የምትበሉት ነጻ አይደለም ማለት ነው። ኖን ካፌ ሆናችሁ የምትቀበሉት ብርም ስጦታ አይደለም፣ እዳ ነው። በቀን 100 ብር ብንይዝ የአስር ወር ምግብ ብቻ 30,000 ይሆናል። የዶርም ጓደኞቻችሁን ጁስ የምትጋብዙት በዚህ ብር እንደሆነ ልብ በሉ። ያስፈራችሁ ዘንድ አይደለም፣ ወለድ እንደሚበላ ብድር የከፋ ነገር አይደለም። ግን የየዓመቱን ውል ኮፒ ያዙ። ኦሪጅናል ዲግሪ ወይም ወደ ውጭ የሚላክ ትራንስክሪፕት የፈለጋችሁ ቀን ይሄ ሂሳብ ብቅ ይላል፣ ያን ቀን ስንት እንደፈረማችሁ ማወቅ ይጠቅማል።

ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ስትሆኑ የሚመጣውን ደግሞ ካሁኑ ልንገራችሁ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚያ ላይ ስለሆነ። የከለር ዴይ ቲሸርት አለ። የባህል ልብስ ቀን አለ። መጽሔት አለ፣ ሱፍ አለ፣ ጋዋን፣ ፎቶ፣ ከዚያ ቤተሰብ ሲመጣ ማረፊያና ምሳ አለ። ኮሚቴው "ሁሉም ከፍሏል፣ አንተ ብቻ ቀረህ" ይላል። አባት በግ ይሸጣል፣ ካልሆነም ይበደራል። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል፣ ዶርም ውስጥ ግን ጎረቤትህ ከአልጋህ በላይ ነው የሚተኛው፣ ሱፉን በየቀኑ ታያለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቆ የቆየ ልጅ በአንድ ወር ሲሸነፍ ይታያል።

እኔን የሚያሳስበኝ የምርቃቱ ሰሞን ሳይሆን ከምርቃት በኋላ ያለው ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ካላለፉ ተመልሶ መፈተን አለ። ካለፉም ስራ ወዲያው አይገኝም። ቤተሰብ ግን "ልጄ ተመረቀ" ብሎ እፎይ ብሏል፣ ብር መላክ አቁሟል። ተመርቆ "ብር ላኩልኝ" ማለት ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ያ ሰሞን ነው ብር የሚያስፈልገው። ለትራንስፖርት፣ ለኮፒ፣ ለቃለ መጠይቅ ሌላ ከተማ ለመሄድ፣ ዘመድ ቤት ሲያርፉ ባዶ እጅ ላለመግባት። የመጨረሻ ዓመት እቁባችሁን ስታቋቁሙ የመጨረሻውን እጣ ለምናችሁ ውሰዱ፣ ብሩ ለሱፍ ሳይደርስ ከምርቃት በኋላ እንዲወጣ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

"ጓደኛዬ ተበድሮኝ አልመለሰም፣ ብጠይቀው ያፍራል ብዬ ዝም አልኩ፣ ምን ላድርግ?" የሚል መጥቷል። እሱ ሳያፍር አንተ ታፍራለህ? ስትሰጠው ቀን አልቆረጥክም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስታበድር "ኖን ካፌ በተከፈለን ማግስት" በለው፣ በቴሌግራምም ጻፍለት፣ ለማስታወስ ብለህ። ያለፈውን ደግሞ ቆራርጦ ይመልስ፣ 50 በ50። ባይመልስ የሚጎዳህን ያህል ብር ግን ለማንም አታበድር።

"እየተማርን ምን ሰርተን ብር እናግኝ?" ማስጠናት በብዙ ከተማ አለ፣ በተለይ የስምንተኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን። ዶርም ውስጥ ጸጉር የሚቆርጥ ልጅ ሰልፍ አያጣም። አሳይንመንት መተየብ፣ ፎቶ፣ ስልክ መጠገንም አለ። የምታስጠኑ ከሆነ በፈተና ሰሞን እንደማትመጡ ከመጀመሪያው ለወላጅ ንገሩ፣ ክፍያውንም በየሳምንቱ ተቀበሉ። ግማሽ ቀን የሚወስድ ስራ ግን አንደኛ ዓመት ላይ አልመክርም። ዲፓርትመንት የሚመረጠው በዚህ ዓመት ውጤት ነው፣ እሱ ከአስጠኚ ክፍያ ይበልጣል።

የመጨረሻውን ጥያቄ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ነች የጠየቀችው። እህቷ አረብ አገር ናት፣ የምታስተምራት እሷ ናት፣ ከምትልከው ላይ "ግማሹን አስቀምጪልኝ" ትላታለች። ቤተሰብ ይሄን ያውቃል፣ ችግር በመጣ ቁጥር ከዚያ ላይ ይጠየቃል። ምን ላድርግ ነው ያለችው።

እህቴ፣ ያ ብር ያንቺ አይደለም፣ የቤተሰብም አይደለም። በሷ ስም ሂሳብ ይከፈት። ውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ባንኮች በስማቸው ሂሳብ ይከፍታሉ፣ እኛም ጋ ነይና አሰራሩን እነግርሻለሁ። እስከዚያ ካንቺ ብር ጋር አትቀላቅዪው፣ ለብቻው ደብተር ይውጣለት። ቤተሰብ ሲጠይቅሽ "ደውላችሁ እሷን ጠይቁ፣ እሺ ካለች ዛሬውኑ አወጣለሁ" በይ፣ አደራ ስለሆነ ማንም አይቀየምሽም። የወር ወጪሽንም በቁጥር ንገሪያት፣ ለምግብ ስንት፣ ለኮፒ ስንት እያልሽ፣ እዚያ ሆና በግምት እንዳትልክ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ሳትጠይቅሽ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪላት።